የእናንተ 3.2 በእኛ ጊዜ ስንት ነበር?

በቅርቡ የተመረቀች አንዲት የወንድሜ ልጅ ጓደኛ፣ "ጋሼ፣ የእኔ 3.2 አማካይ ነጥብ (ጂፒኤ) በእናንተ ጊዜ ቢሆን ስንት ይሆን ነበር?" አለችኝ። አንድ ባንክ ያወጣውን የሥራ ማስታወቂያ አይታ፣ "3.25 እና ከዚያ በላይ" ስለሚል ተናዳ ነበር። እኔን ግን የስታትስቲክሱን ኮርስ አስታወሰችኝ።

እኛ የተማርነው በከርቭ ነው። ከመቶ 85 ማምጣት ኤ ማግኘት አልነበረም። አስተማሪው የክፍሉን ውጤት ከላይ ወደ ታች ይደረድርና ክፍተት ባየበት ላይ ያሰምራል፤ ከመስመሩ በላይ ኤ፣ ከሥር ቢ፣ እያለ ይወርዳል። እናንተ ሰቃይ የምትሏቸው ጎበዝ ልጆች አብረውህ ከተመደቡ አለቀልህ። ስለዚህ ሰው ማስታወሻውን ይደብቅ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ወርደህ አንዱን መጽሐፍ ተራ ጠብቀህ ስታገኝ፣ ለፈተና የሚመጣው ምዕራፍ በምላጭ ተቆርጦ ይጠብቅሃል። ስለ ድሮ ተማሪ ፍቅርና መተሳሰብ የሚወራውን ሁሉ አትመኑ።

በ1980ዎቹ ማብቂያ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ስሙን አልጠራም። ስታትስቲክሱ በሁለት ሴክሽን ይሰጥ ነበር፤ መጽሐፉ አንድ፣ ፈተናው አንድ፣ አስተማሪው ግን ሁለት። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር አብረን አጠናን። እውነቱን ለመናገር ያስጠናኝ እሱ ነው፤ ፕሮባቢሊቲ የገባኝ በእሱ እጅ ነው፣ የባቄላ ፍሬ አልጋ ላይ በትኖ እያሳየኝ። ግሬዱ በመታወቂያ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ቁጥሬን በጣቴ እየተከተልኩ ስደርስ ቢ ይላል። የእሱ ሲ። የፈተና ወረቀታችን ሲመለስልን እኔ 61፣ እሱ 68።

የእሱ ሴክሽን የጎበዞች መሰብሰቢያ ነበር፤ የእኔው ደግሞ እንደ እኔው ያሉ ነበሩበት። ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለቱን ወረቀት ይዘን ዲፓርትመንት ኃላፊው ዘንድ ሄድን። ሰውየው ክፉ አልነበረም። መነጽሩን አውርዶ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስተያየና፣ "እውነት ነው፤ ግን ሁለቱን ሴክሽን ቀላቅዬ ልሥራ ካልኩ የዚህን ልጅ ቢ መንካቴ ነው" አለ። ጓደኛዬ ወደ እኔ እንኳን አልዞረም። ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቦ፣ "ይቅር፣ ዶክተር" ብሎ ተነሳ። ደረጃውን ስንወርድ ስለ ራት ነበር የምናወራው።

ስንመረቅ 130 ክሬዲት ጨርሶ 387 ነጥብ ነበረው፤ 2.98 ማለት ነው። በዚያ ዓመት ዲፓርትመንቱ ረዳት መምህር አድርጎ የሚያስቀረው 3.00 ያላቸውን ነበር። ባለ ሦስት ክሬዲቱ ስታትስቲክስ ከሲ ወደ ቢ (በክሬዲት ከ2 ወደ 3 ነጥብ) ቢያድግለት ሦስት ነጥብ ይጨምርለታል፤ 390 ለ130 ሲካፈል ልክ 3.00። ይህን ስሌት ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልናገርም። እኔ ረዳት መምህር ሆኜ ቀረሁ፤ እሱ ክፍለ ሀገር ሂሳብ ሊያስተምር ሄደ። ከዓመታት በኋላ ከእሱ እጅ የወጡ ልጆች እኔ ክፍል ገብተው ሳስተምር ያላዘጋጀሁትን ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፣ ከየት እንደ መጡ ወዲያው አውቃለሁ።

እንግዲህ ልጅቷ ለጠየቀችኝ፦ አይመነዘርም። አሁን የናንተ ስኬል የተቆረጠ ነው፤ 85 ኤ ነው፣ 70 ቢ፣ 65 ቢ ማይነስ፣ 60 ሲ ፕላስ። በዚህ ቢሆን ጓደኛዬ 2.75፣ እኔ 2.5 እናገኝ ነበር፤ ቢያንስ ተራችን ይስተካከል ነበር። ግን ስኬሉ አንድ ሆነ ማለት ፈተናው አንድ ሆነ ማለት አይደለም። ቁና በየገበያው ይለያያል። አንዱ አስተማሪ ለግሩፕ አሳይመንት 30 ይሰጣል፣ ከአምስቱ አንዱ ይሠራዋል፣ አምስቱም 28 ያገኛሉ። ሌላው ካምፓስ ላይ ደግሞ 80 ያለፈ ተማሪ አይቶ የማያውቅ ሽማግሌ አለ። የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ በሆኑበት አገር 3.6 እና 3.1ን በባዶው ማወዳደር ምንም አይነግርህም።

ምንም አይነግርህም አልኩ? ውሸቴን ነው። ማመልከቻ በካርቶን ሲመጣ እኔም መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያው ቁጥር ላይ ነው።

ለዚህ ነው ከ2015 ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተና ብዙ ወጣት ሲራገምበት እኔ ያልተራገምኩት። የመንግሥትም የግልም ተማሪ አንድ ፈተና ላይ ተቀምጦ ለመመረቅ ከመቶ 50 ማምጣት አለበት። ምርጫ ብቻ የሆነ የአንድ ቀን ፈተና የአራት ዓመት ልፋት አይለካም፣ እስማማለሁ። ግን የ3.8 ኬክ አስቆርጦ ፎቶውን የለጠፈ ልጅ እዚያ ሲወድቅ፣ ቁጥሩ የማን እንደነበር እንጠይቅ ዘንድ ግድ ይላል። የናንተ ዘመን ልጅ የቴሌግራም ያለፈ ፈተና ካላገኘ ማጥናት የጀመረ አይመስለውም።

አጥኑ አልላችሁም፣ እሱን እናታችሁም ትላችኋለች። እኔ የምላችሁ ስቱደንት ኮፒያችሁን (የውጤት ወረቀታችሁን) እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ታሪክ ያዙት፤ ከባዱን ኮርስ ከማን ጋር እንደ ወሰዳችሁት፣ ምን እንደ ሠራችሁበት ለቃለ መጠይቅ አዘጋጁ። ውጭ የምታመለክቱም ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ ያለው የግሬድ ማብራሪያ አብሮ መላኩን አረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የፊቱን ገጽ ብቻ ስካን አድርጎ ይልካል፣ ከዚያ የዚያ አገር ገምጋሚ በራሱ አገር ሚዛን ያነበዋል። ነገ ቀጣሪ ስትሆኑ ደግሞ 2.98ን ከ3.00 በኮምፒውተር አታስቆርጡ፤ ሁለቱንም ጥሯቸው።

ግሬዳችሁ ላይ ቅሬታ ካላችሁ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀን የተጻፈበት ቅጂም አስቀሩ። ክረምት ከገባ አስተማሪውን አታገኙትም።