አሥር ደቂቃ

በማኅበር ተደራጅታችሁ አውቶቡስ ልትገዙ ላሰባችሁ የጎጃም ልጆቼ፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ ሥራ ኖሬያለሁ። ትኬት ቆራጭ ሆኜ ጀምሬ የስምሪት ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ አውሮፕላን ነው።

ሳውዝዌስት የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ውስጥ በሦስት ከተሞች መካከል በርካሽ ዋጋ ማብረር ጀመረ። በዓመቱ ገንዘብ አጠረውና ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ። የአራቱን ሥራ በሦስት ለመሸፈን የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ያረፈው አውሮፕላን በአሥር ደቂቃ መልሶ እንዲነሳ ማድረግ። መንገደኛ ወርዶ፣ ሻንጣ ተራግፎ፣ ተጸድቶ፣ ሌላው ተሳፍሮ፣ በአሥር ደቂቃ! አስተናጋጆቹ ወንበር ያጸዳሉ። ካስፈለገ ፓይለቱም ሻንጣ ያነሳል።

አውሮፕላኖቹ ሁሉ ቦይንግ 737 መሆናቸውም ረድቶታል። ጥገናውም መለዋወጫውም አንድ ነው። መኪና ስትመርጡ ይህን አስቡበት።

እኛስ? አንድ ማለዳ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ፣ መኪናው ሞልቷል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ጭነት ግን አልታሰረም። ጫኙ ቁርስ ሄዷል። ረዳቱ ሒሳብ ይቆጥራል። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፏል። እኔም የስምሪት ወረቀቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ከወንበራቸው ተነሱ። ወረዱና በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ገመዱን ማሰር ጀመሩ። ያ ገመድ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሰነፎች አልነበርንም። መኪናው ቶሎ ቢወጣም ቢዘገይም ደመወዛችን ያው ነው። አለቆቻችን ብቅ የሚሉት ጥፋት ሲገኝ ብቻ ነበር። ሳውዝዌስት ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያ ትርፉን ሲያገኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ለሠራተኞቹ ማካፈል ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱና ለረጅም ዓመታት መሪው የነበረው ኸርብ ኬለኸር ሠራተኛን ከደንበኛም ከባለ አክሲዮንም ያስቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ሌሎቹ አየር መንገዶች ሠራተኛ በሺዎች ሲያሰናብቱ፣ ሳውዝዌስት አንድም ሰው አልቀነሰም። በ2025 ግን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በጅምላ ቀንሷል። ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ። ዘመን የፈጀ እምነት በአንድ ቀን ውሳኔ ይሸረሸራል።

ይህ ተካፍሎ መሥራት ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ጤፍ በወንፈል ስታጭዱ ደመና ቢያንዣብብ «ይኼ የኔ ማሳ አይደለም» ብሎ ማጭዱን የሚጥል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ነገ ወንፈሉ ወደሱ ማሳ እንደሚመጣ ያውቃላ። ትርፍ ማካፈልም ይኸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የጫኙንም የረዳቱንም ድርሻ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ በቁጥር ጻፉት። ሊቀመንበር የምትሆነው ልጅም ገመድ ማሰር ተማር። ረቂቁ ሲያልቅ አምጡልኝ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ፤ አብረን እናየዋለን።