የዘመቻችን ኢሜይል ለምን ስፓም ይገባል?

አሜሪካ ውስጥ ምርጫ ሲቃረብ እጩዎችን በበጎ ፈቃድ የሚያግዙ ወገኖቻችን ይጽፉልኛል። የሰሞኑ ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ኢሜይል ነው።

ጥያቄ፦ ኢሜይላችን ጂሜይል ላይ «ፕሮሞሽንስ» የሚለው የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ተገኘ። ስፓም ሆነ ማለት ነው?

አይደለም። ደጋፊያችሁ አንዴ ወደ ዋናው ክፍል፣ ወደ «ፕራይመሪ» ይጎትተው፤ በቃ።

ጥያቄ፦ በጅምላ መላኪያ አገልግሎት እንልካለን። ላኪ ሆኖ የሚታየው ግን የእጩዋ የግል ጂሜይል ነው። ብዙው አይደርስም።

እንዴት ይድረስ? ለጂሜይል ሌላ ሰው በእጩዋ ስም የላከው ይመስለዋል። ለዘመቻው የራሱን ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ከ@ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ግዙ። ከዚያ ሦስት ነገር ይስተካከል። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም መልእክቱ በእርግጥ ከዶሜይኑ መምጣቱን የሚያሳይ፣ መልእክቱ ላይ የሚያርፍ ማኅተም ነው። ዲማርክ ደግሞ እነዚህ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ተቀባዩ ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል ለሚልክ ሦስቱም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ግዴታ ናቸው። ዶሜይኑን የሚያስተዳድርላችሁን ሰው ጠይቁት፤ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሆነን ለካውንቲ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው እያገዝን ነው። ከእድርና ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ 2,000 ያህል አድራሻ ሰብስበን ላክን። የመጀመሪያው ደረሰ። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ስፓም ገባ። ምን እናስተካክል?

ዝርዝሩን ተዉት። እውነቱ ይኼ ነው።

እድር ላይ አድራሻውን ያስመዘገበ ሰው ለቅሶ ሲኖር እንዲነገረው ብሎ ነው። ከማያውቀው ዘመቻ «ገንዘብ ያዋጡ» የሚል ሲደርሰው «ሪፖርት ስፓም» የሚለውን ይጫናል። መብቱ ነው። ጎግል ከ1,000 ኢሜይል 3ቱ ላይ እንዲህ ከተደረገ መስመር አለፋችሁ ይላል። የሚመክረው ከ1 በታች እንዲሆን ነው። ስማችሁ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ወዶና ፈቅዶ ለተመዘገበው ደጋፊም አይደርሰውም። እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ባለፈው የእናቴን ስልክ ከፍቼ የሐኪም ቀጠሮዋን ስፈልግ፣ አንዱንም ካልጠየቀችው የዘመቻ መልእክት ክምር ስር ተቀብሮ አገኘሁት። ስለዚህ ይህ ለእኔ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በስብሰባ ላይ ወረቀት ሞልተው «ላኩልኝ» ያሉ 80 ሰዎች ካሏችሁ በእነሱ ጀምሩ። አድራሻችሁን ስልካቸው ላይ እንዲመዘግቡ ለምኗቸው። አጭር ጥያቄ ጠይቁና መልስ ይጻፉላችሁ፤ መልስ የሚጻፍለት ላኪ ይታመናል። ስፓም ውስጥ ያገኘው ደጋፊ «ስፓም አይደለም» ይበል። ቁጥሩን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ለወራት ያልከፈተውን አውጡት።

የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ በተመለከተ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ጠበቃ ሳታናግሩ አንድም ተጨማሪ ኢሜይል አትላኩ። ከግብር ነፃ የሆነ ተቋም የአባላቱን ዝርዝር ለአንድ እጩ በነፃ ቢሰጥ ያንን መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። የአስተዳደር ጉባኤውም ዛሬውኑ ይወቅ።

ጥያቄ፦ ጎግል ሆን ብሎ የእኛን ፓርቲ ያፍናል። ለምን አትጽፈውም?

የሪፐብሊካን ብሔራዊ ኮሚቴ በ2022 በዚሁ ጉዳይ ጎግልን ከሶ ነበር። ካሊፎርኒያ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2023 ውድቅ አደረገው፤ ተሻሽሎ የቀረበውንም በ2024። በ2020 ምርጫ ላይ የተሠራ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጂሜይል የቀኞቹን አብዝቶ ስፓም እንዳደረገ አሳይቷል። ያው ጥናት አውትሉክና ያሁ የግራዎቹን አብዝተው እንደጣሉም ይናገራል፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚጠቅስ ግን ብዙም የለም። ጎግል በ2022 የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ፈቅዶለት የዘመቻ ኢሜይል ማጣሪያውን እንዲያልፍ የሚያደርግ ሙከራ ጀምሮ ነበር። ከሳሹ ኮሚቴ አልተመዘገበበትም። እናንተም መጀመሪያ ዝርዝራችሁን ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ከዝርዝር መውጫውን በትንሽ ፊደል ከታች ብንደብቀውስ? ሕጉ ፖለቲካን አይመለከትም ተብለናል።

የ2003ቱ የፌዴራል የስፓም ሕግ የንግድ ኢሜይልን ነው የሚመለከተው፣ ልክ ናችሁ። ግን መውጫ ያጣ ሰው ስፓም የሚለውን ይጫናል። ከላይ አድርጉት፣ በአንድ ንኪ ይውጣ፣ በ2 ቀን ውስጥም ስሙን ሰርዙ።