«እታጠብ ነበር» በስፓኒሽ፦ ላባባ ወይስ ላባሪያ?

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው። «ጊዜ ቢኖረኝ እታጠብ ነበር» ለማለት «ሲ ቱቢዬራ ቲዬምፖ፣ ሜ ላባባ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ «ሜ ላባባ»ን ሰርዛ «ሜ ላባሪያ» አደረገችው። ለምን?

መልስ፦ ጣጣው ያለው አማርኛችን ላይ ነው። «እታጠብ ነበር» ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። «ልጅ ሳለሁ ወንዝ ወርጄ እታጠብ ነበር» ሲሉ በእርግጥ ታጥበዋል፤ ልማድዎን ነው የሚያወሩት። «ጊዜ ቢኖረኝ እታጠብ ነበር» ሲሉ ግን ውሃም አልነኩ። ይህን የምናውቀው ከ«ቢኖረኝ» ነው እንጂ ግሱ ያው ነው። ስፓኒሽ ግሱን ራሱን ይለውጣል። ለልማዱ «ሜ ላባባ»፣ ላልሆነው «ሜ ላባሪያ» ይላል።

እርባታው አያስቸግርም። «ላባር» («ማጠብ») እንዳለ ይቀመጥና «ኢያ» ይቀጠልበታል፦ ሜ ላባሪያ፣ ቴ ላባሪያስ፣ ሴ ላባሪያ፣ ኖስ ላባሪያሞስ፣ ኦስ ላባሪያይስ፣ ሴ ላባሪያን። «ኦስ» የምታስፈልገው ስፔን ውስጥ ነው፤ ላቲን አሜሪካ «እናንተ»ንም በ«ሴ ላባሪያን» ይጨርሱታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ለ«እኔ»ም ለ«እሱ»ም ግሱ «ላባሪያ» ነው። የሚለያቸው ከፊት ያለው «ሜ» («ራሴን») ወይም «ሴ» («ራሱን») ብቻ ነው። ይህንኑ ሥራ የምትሠራው የእኛ «ተ» ግን መደብ ቢቀየርም አትቀየርም፤ እታጠብ፣ ይታጠብ፣ እንታጠብ እንላለን። በዚህ ልማድ «ሴ»ን ለሁሉም ሰው ካደሉ፣ የራስዎን ገላ ሌላ ሰው ታጠበልዎት ማለት ነው።

«ኢያ» ከየት መጣች? ይሄ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ስፓኒሽ ከላቲን ሲወለድ፣ ከንዑስ አንቀጹ (እንደ «ላባር» ካለው) ኋላ «አቢያ» የሚል የኃላፊ ጊዜ ረዳት ግስ ይከተል ነበር። ትርጉሙ «ነበረው» ነው። እየዋለ እያደረ ተሸራርፎ «ኢያ» ብቻ ቀረና ተጣበቀ። እኛ «ነበር»ን ለብቻው እንጽፋለን፣ እነሱ ዋጡት፤ ዘዴው ግን ተቀራራቢ ነው።

ስፔን ውስጥ በወሬ መሀል «ቢኖረኝ» ብለው «ሜ ላባባ» የሚሉ ሰዎች ይሰማሉ። ስለዚህ ስህተትዎ ያን ያህል የሚያሳፍር አይደለም። ፈተና ላይ ግን አይሞክሩት።

ነገሩ የትናንት ከሆነና ካለፈ ደግሞ («ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ») «ሲ ኡቢዬራ ቴኒዶ ቲዬምፖ፣ ሜ አብሪያ ላባዶ» ይበሉ። እጅዎን ብቻ ከሆነ የሚታጠቡት «ሜ ላባሪያ ላስ ማኖስ» ነው። «እጄን» ለማለት ብለው «ሚስ» («የእኔ») አይጨምሩ፤ የማን እጅ እንደሆነ «ሜ» ተናግራለች።