ኢርፕላግ ወይስ ኢንተርኮም ላልከው፦ ሁለቱንም

ወንድሜ ጥያቄህ ገብቶኛል። የሞተር ሳይክል ሄልሜትህ ላይ ኢንተርኮም (እየነዱ ለመነጋገርና ካርታ ለመስማት የሚገጠም ማይክና ስፒከር) ገጥመሃል፤ ኢርፕላግ (ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ድምፅ መቀነሻ) ስታደርግ የጓደኛህ ድምፅም የካርታው መመሪያም ደክሞ ይመጣብሃል፣ ስታወጣው ደግሞ ንፋሱ ያደነቁርሃል። ስለዚህ ከሁለቱ የቱን ልተው ነው ያልከው። አንዱንም አትተው። እኔ ረጅም መንገድ ስወጣ ሁሌም ሁለቱን አብሬ ነው የምጠቀመው፣ ሰውም በደንብ እሰማለሁ። አንተ ጋ ያለው ችግር የኢርፕላጉ ሳይሆን የስፒከሩ አቀማመጥ ይመስለኛል። እሱ ላይ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ኢርፕላጉን ለምን እንዳትጥለው እንደምለምንህ ልንገርህ።

ብዙ ሰው ጆሮ የሚጎዳው የሞተሩ ድምፅ ይመስለዋል። ከ60 ወይም ከ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መሄድ ስትጀምር ግን የሚበረታው ሄልሜቱን እየመታ የሚያልፈው ንፋስ ነው፤ ጭስ ማውጫህ የፈለገ ጸጥ ያለ ቢሆንም። 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ሄልሜቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ95 እስከ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ይለካል፣ ያውም ፊትን ሙሉ በሚሸፍን ሄልሜት። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም (ናዮሽ) የሚለው በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል ነው። አስላው እስኪ። 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀርህ 15 ደቂቃ ነው። ከጉዞ ስትመለስ ጆሮህ ጭው የሚለው ለዚህ ነው። ጭው ማለቱ በማግስቱ ሊለቅህ ይችላል፤ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ሴሎች ግን አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

አሁን ኢንተርኮሙን ጨምርበት። ያለ ኢርፕላግ ስትነዳ በኢንተርኮሙ የሚያወራህን ሰው ለመስማት ስፒከሩን ከንፋሱ በላይ ማስጮህ አለብህ። ንፋሱ አልቀነሰም፣ አንተ ግን ላዩ ላይ ሌላ ጩኸት ጨምረህበታል። ይሄን ነገር ሰው ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ኢንተርኮም የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጥለው ኢርፕላጉን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የኢንተርኮሙ ካርቶን ላይ «የንፋስ ድምፅ ይቀንሳል» ተብሎ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ማይኩ ነው። ማለትም ሌላው ሰው ያንተን ድምፅ ያለ ንፋስ እንዲሰማ ያደርጋል። አንተ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ንፋስ አይነካውም። ፍጥነት ስትጨምር ቮሊዩሙን በራሱ ከፍ የሚያደርገውም ቢሆን የሚያደርገው ማስጮህ ብቻ ነው።

«ታዲያ ኢርፕላግ ንፋሱንም ንግግሩንም እኩል ከቀነሰ ምን ጥቅም አለው?» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጆሮ በጣም ጯሂ ድምፅ ውስጥ ሲሆን ይጨናነቃል፣ ድምፆችን መለየት ያቅተዋል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታህ ጥቁር መነጽር አድርገህ የተሻለ እንደምታየው ነው፤ ሁሉም ነገር ጨልሟል፣ ግን መንገዱ ይታይሃል። ኢርፕላጉ ጠቅላላውን ጩኸት ያወርደዋል፣ አንተ ደግሞ ስፒከሩን ብቻ ለይተህ ከፍ ታደርጋለህ። ንፋሱ ቮሊዩም የለውም፣ ስፒከሩ አለው። ዋናው ነገር ይሄው ነው። የቮሊዩሙ ቁጥር ከፍ ብሎ ብታየው አትደንግጥ፣ ጆሮህ ጋ የሚደርሰው በኢርፕላጉ አልፎ የተረፈው ነው። ግን ከመጠን አታሳልፍ፣ የሰውየው ንግግር ከተለየልህ እዚያ ላይ ይበቃል።

አሁን ወደ ስፒከሩ። እነዚህ የሄልሜት ስፒከሮች ስስና ትንንሽ ናቸው፣ ብዙዎቹ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ነው ያላቸው። ከጆሮ ቀዳዳ ትንሽ ሲርቁ ወይም ሲዛነፉ ድምፃቸው ክፉኛ ይወርዳል። ያለ ኢርፕላግ ስታዳምጥ አይታወቅህም፣ ኢርፕላግ ስታደርግ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ሄልሜቶች ደግሞ ለስፒከር ብለው የሚተዉት ጎድጓዳ ቦታ ከሁሉም ሰው ጆሮ ጋር አይገጥምም። የኔ ጆሮ ከጎድጓዳው ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ላይ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ስፒከሩን ጎድጓዳው መሃል ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው የለጠፍኩት።

እንዲህ ሞክረው። ሞተሩን አቁመህ ኢርፕላግህን አድርግ፣ ሄልሜቱን አጥልቅ፣ የአገጩን ማሰሪያ እሰር፣ ከዚያ ሰው የሚያወራበት ነገር ክፈት፤ ዘፈን አይሁን፣ ንግግር ይሁን። በሁለት እጅህ ሄልሜቱን ከግራና ከቀኝ ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ጆሮህ ጫን አድርገው። ድምፁ በአንዴ ከጠራ ስፒከሩ ርቋል ማለት ነው፣ ከጀርባው ስስ ስፖንጅ ወይም ተጨማሪ ቬልክሮ ደርብና አስጠጋው። ከኢንተርኮሙ ጋር ለዚሁ የሚሆን ማስጠጊያ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ ካርቶኑን ፈልግ። ከዚያ ሄልሜቱን ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሰው። የሚጠራበትን አቅጣጫ ያዝ። ሄልሜቱን ወደ ኋላ ስትገፋው ከጠራ ስፒከሩ ከጆሮህ ቀድሟል፣ ወደ ኋላ መለጠፍ አለበት። አንዱን ጎን ስትጨርስ ሌላውን ለብቻው ሞክር፣ የሰው ሁለት ጆሮ አንድ ቦታ ላይ አይደለም።

በጣም አስጠግተኸው ጆሮህን የሚጫነው ከሆነ ግን መልስ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕመሙን አትችለውም። ነካ ቢያደርግ ነው ጥሩው፣ መጫን የለበትም።

ስፒከሩ ተስተካክሎም ንግግሩ ከታፈነብህ የኢርፕላጉን ዓይነት ተመልከት። ተራው የስፖንጅ ኢርፕላግ ከሁሉም በላይ ድምፅ ይቀንሳል፣ ግን ቀጭን ድምፆችን ከወፍራሞቹ አብልጦ ነው የሚቆርጠው። የንፋስ ድምፅ በአብዛኛው ወፍራሙ ነው፤ ቃል ከቃል የምትለይባቸው እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት» ያሉት ድምፆች ደግሞ ቀጫጭኖቹ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንዴ ሰውየው እንደሚያወራ እየሰማህ ምን እንዳለ የማይገባህ። ሁለት መፍትሄ አለ። አንዱ የኢንተርኮሙ አፕ ውስጥ ኢኳላይዘር (የድምፅ ማመጣጠኛ) ካለ ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) ቀንሶ ትሬብሉን (ቀጭኑን) ከፍ ማድረግ ነው። ሌላው ፊልተር ያለው የሲሊኮን ኢርፕላግ ነው፣ እሱ ድምፁን በተመጣጠነ መልኩ ነው የሚቀንሰው። ጠቅላላ ቅነሳው ከስፖንጅ ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ብዙ ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት ለምትሄድበት ቀን እኔ አሁንም ስፖንጁን ነው የምመርጠው። እየተነጋገርን ዝግ ብለን ለምንሄድበት ቀን ፊልተር ያለው ይመቸኛል።

የኢርፕላጉ ማሸጊያ ላይ ያለው የዴሲቤል ቁጥር የሚሠራው በትክክል ከገባ ብቻ ነው። ሰው ጫፉን ብቻ ሸጎጥ አድርጎ «አይሠራም» ይላል። ስፖንጁን በንጹህ ጣት እያሽከረከርክ አቅጥነው፤ ዝም ብለህ አትጨፍልቀው፣ ከተሸበሸበ ድምፅ በሽብሽቡ ይገባል። ለቀኝ ጆሮህ ግራ እጅህን ከራስህ በላይ አሳልፈህ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ቶሎ አስገባውና ተነፍቶ እስኪሞላ 30 ሰከንድ ያህል በጣትህ ያዘው። መስታወት ፊት ቆመህ ጫፉ ወደ ውጭ ጎልቶ ከታየህ አልገባም፣ ሄልሜቱን ስታጠልቅም ይነቀላል፣ ስፒከሩም እየገፋ ያሳምምሃል። ስታወጣው ቀስ ብለህ እያዞርክ እንጂ በአንዴ መንጭቀህ አታውጣ።

ከቮሊዩም በኩል አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የስልኩ ቮሊዩምና የኢንተርኮሙ ቮሊዩም የተለያዩ ናቸው፤ ብዙ ኢንተርኮም ላይ ደግሞ ለዘፈን፣ ለካርታ፣ ለስልክ ጥሪና ለጓደኛህ ድምፅ ለየብቻ ነው የሚስተካከለው። ዘፈኑ ደህና ሆኖ ካርታው ከጠፋብህ ምናልባት እሱ ብቻ ዝቅ ብሎ ነው። ስልኩን ሙሉ በሙሉ ከፍ አድርገህ የቀረውን ኢንተርኮሙ ላይ አስተካክል፣ ቆመህ እንጂ እየነዳህ አይደለም።

ማይኩንም ወደ አፍህ አስጠጋው፣ ከንፈርህን ሊነካ እስኪቀርብ ድረስ። ኢርፕላግ ሲደረግ የራስ ድምፅ ራስ ውስጥ ያስተጋባል፣ ስለዚህ ሳይታወቅህ ዝቅ አድርገህ ነው የምታወራው። ጓደኛህ «አልሰማህም» ካለህ ዕቃው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል።

«ክላክስና አምቡላንስ አልሰማም» የሚለውን ስጋት እረዳለሁ፣ ግን በፍጥነት ስትሄድ እነሱን የሚሸፍንብህ ንፋሱ ነው። ኢርፕላግ አድርጌ ከኋላ የሚመጣ ሳይረን እሰማለሁ። የማያሰማው ዘፈን ከፍ አድርጎ መሄድ ነው፣ ከተማ ውስጥ ዘፈኑን አጥፋው። ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ከትቼ ሄልሜት ላድርግ የምትል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሕጉን እይ። ፈረንሳይ ለምሳሌ ከ2015 ጀምሮ እየነዱ ጆሮ ውስጥ ኢርፎን ማድረግን ከልክላለች፣ ሄልሜት ውስጥ የተገጠመ ስፒከር ግን ይፈቀዳል።

ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት መንገድ ላይ ይቺን ሞክር። ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ የምትችል ከሆነ፣ ከመቀመጫህ ትንሽ ብድግ በል። ጩኸቱ በአንዴ ከቀነሰ የሞተርህ የፊት መስታወት (ንፋስ መከላከያው) የተረበሸ ንፋስ ሄልሜትህ ላይ እየወረወረ ነው። መስታወቱን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ማውለቅ፣ ከማንኛውም ውድ ስፒከር የበለጠ ይጠቅምሃል። መጀመሪያ ግን ስፒከሩን አስተካክል፣ አንድ በአንድ ቀይር፣ ካልሆነ የሄልሜትህን ዓይነትና ስፒከሩን የለጠፍክበትን ቦታ ፎቶ አንስተህ አሳየኝ።