ግፊቴ ተስተካክሏል፤ መድኃኒቱን ላቁም?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። ዳገት ስወጣ ደረቴን እየጨመደደ ሲያስቸግረኝ ተመርምሬ የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ ተገኘብኝ። ከሰባት ወር ወዲህ አቴኖሎል 50 ሚሊግራምና ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራም እወስዳለሁ። አሁን ግፊቴ 124/78 ነው፤ ደረቅ ሳል ግን አላስተኛኝ አለ። ሁለቱንም ባቆማቸው ምን ይመጣብኛል?

መልስ፦ በራስዎ ውሳኔ አንዱንም አያቁሙ፤ አቴኖሎልን ደግሞ በፍጹም! ግፊትዎ 124/78 የሆነው መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው። ሥራውም ግፊት መቀነስ ብቻ አይደለም። የልብ ጡንቻ የራሱን ደም በአብዛኛው የሚያገኘው ሲኮማተር ሳይሆን ሲላላ ነው። አቴኖሎል ምቱን ሲያዘገየው ይህ የመላላት ጊዜ ይረዝማል፣ ልብ የሚፈልገው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ቧንቧው ለጠበበ ልብ ትልቅ እፎይታ ነው።

አቴኖሎል ለወራት ሲወሰድ ልብ ላይ ያሉት የአድሬናሊን (የልብን ምት የሚያፈጥን ሆርሞን) መቀበያዎች ይበዛሉ። በድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊን ያለ ከልካይ ያገኛቸዋል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ የደረት ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፣ የልብ ጡንቻ እስከ መሞትም ሊደርስ ይችላል። ማቆም ግድ ከሆነ ሐኪም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፤ በዚያ ወቅት ከባድ ሥራ አይሠራም። መድኃኒቱ አልቆም በድንገት ሊቋረጥ ይችላልና፣ ሳያልቅ ቀድመው ይግዙ።

ሳሉን ያመጣው ኢናላፕሪል ሳይሆን አይቀርም። ብራዲኪኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ ጉሮሮን ይኮረኩራል፤ የሳል ሽሮፕ አያስታግሰውም። ሐኪምዎ ሎሳርታንን በመሰለ መድኃኒት ቢተካልዎ ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ከለውጡ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ የደም ፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም እግር ከማበጥ ጋር የመጣ ሳል ከሆነ ግን የልብ ድካም ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ይታዩ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ኢናላፕሪሉን ዳግም ሳይወስዱ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በዘፈቀደ አይዋጡ፤ ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ግፊት ወጣ ተብሎ ኒፌዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ምላስ ሥር መጭመቅም ይቅር። ግፊቱ ሲዘቀዘቅ ወደ ልብ የሚሄደው ደም ስለሚያንስ፣ ልብን ሊያድን የታሰበው እሱኑ ያስርበዋል።