ልጄ ጎበዝ ነው ብዬ ለማን ላልቅስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ 1ኛ ክፍል። በ4 ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ታፔላ ማንበብ ጀመረ። አሁን የ4ኛ ክፍል እህቱን የቤት ሥራ ቀድሟት ይመልሳል። ዳማ ከተሸነፈ ግን መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። መምህርቱ «ይረብሻል» እያለች በየሳምንቱ ታስጠራኛለች። ባለቤቴ ሁለት ክፍል ይዝለል ባይ ነው። አማቴ «ለሰው አታውሪ፣ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል» ይሉኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ ጉራ ይመስላቸዋል። ማንን ላማክር?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ትምህርት አልገባ ያለው ወላጅ ሲያማርር የሚያጽናናው አያጣም። አንቺ ስታማርሪ ግን እንደ ጉራ ይቆጠርብሻል። ድካምሽ እውነተኛ ነው፤ ስለ እሱ ማውራትም ጉራ አይደለም።

ልጅሽ የሚያለቅሰው 7 ዓመቱ ስለሆነ ነው። ንግግሩ የትልቅ ሰው ሲሆን ዕድሜውን የምንረሳው እኛ ነን። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊታ ሆሊንግወርዝ እንዲህ ያሉ ልጆችን ለዓመታት አጥንታለች። የትልቅ ሰው አእምሮና የልጅ ስሜት በአንድ ትንሽ ሰውነት ሲገናኙ ችግር እንደሚፈጠር የጻፈችው ያኔ ነው። ላይ ታች የሚለውም ለዚህ ነው፦ ጭንቅላቱ ሮጦ ይሄዳል፣ ልቡ ይቀራል፣ እጁ ደግሞ እርሳስ መያዝ ገና ይደክመዋል።

አንድ ነገር ልጠርጥር፤ ቤት ውስጥ «አንተ እኮ ጭንቅላት ነህ» ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የሙለርና የድዌክ ጥናት ላይ በብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች በብዛት ቀላሉን ሥራ መረጡ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ደግሞ የሚያስተምራቸውን። በየቀኑ «ጭንቅላት» የሚባል ልጅ ዳማ ሲሸነፍ የሚያጣው ጨዋታውን ብቻ አይደለም፣ ስሙንም ነው። «እንዴት አሰብከው?» ብላችሁ ጠይቁት።

መምህርቱ ዘንድ «ልጄ ሊቅ ነው» ብለሽ አትግቢ። ሥራውን በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂያት። ረብሻው የሚጀምረው ከጨረሰ በኋላ ከሆነ ቦርሳው ውስጥ መጽሐፍ ጨምሪለት፣ እንዲያነብም አስፈቅጂለት። ክፍል መዝለል ልጅን ያበላሻል የሚለውን ፍርሃት ጥናቶች አይደግፉትም፤ ሁለት በአንዴ ግን አልመክርም። መጀመሪያ ሒሳብ ብቻ ከበላይ ክፍል ጋር ቢማርስ? ባለቤትሽም በዚህ የሚስማማ ይመስለኛል።

አማትሽን አትጋፊያቸው፣ የሚሉት ከፍቅር ነው። ልጁ ፊት ግን አይበሉት፤ የሚያውቀው ነገር የሚደበቅ ነውር እንዲመስለው አልፈልግም።

ለአንቺ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዘሽው ሂጂ። ልጇን ከመጽሐፍ ማላቀቅ ያቃታት ሌላ እናት እዚያ አታጪም። የሚያስፈልግሽ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ስለ ልጅሽ ይህን ሁሉ ጽፈሽ፣ ትንሽ ወንድሟ የቤት ሥራዋን ስለሚነጥቃት ልጅሽ ግን ከአንድ መስመር አላለፍሽም። ከዛሬ ጀምሮ ደብተሯን እንዳይነካ። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ስለ እሷ ጻፊልኝ።