ከጅራቱ ሥር የሚወርደው ደረጃ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአያቴን የድሮ አልበም ሳገላብጥ አንድ ፎቶ አገኘሁ። አያቴ ከአንድ ጄት ጅራት ሥር በወረደ ደረጃ ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ሞተሮች ክንፉ ላይ አይደሉም። ከኋላ ግራና ቀኝ ተለጥፈዋል። መስኮቶቹ ሦስት ማዕዘን ይመስላሉ። ኤርፖርቱ ትንሽ ነው። አልበሙ ውስጥ ከዚህ ፎቶ በፊት ያሉት አውሮፕላኖች በሙሉ ባለ ፕሮፔለር ናቸው። ይሄ ምን አውሮፕላን ነው? ጄት ወደ ትንንሽ ኤርፖርቶች መግባት የጀመረው መቼ ነው? ለምንስ ያን ያህል ዘገየ?
የአልበሙ ወራሽ ነኝ

መልስ፦ ልጄ፣ መስኮቶቹን ልብ ብለሽ ማየትሽ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ጫፉ የተጠጋጋ ሦስት ማዕዘን መስኮት፣ ሁለት ሞተር ከኋላ፣ ከጅራት ሥር የሚወርድ ደረጃ። ይሄ ካራቬል ነው። የፈረንሳይ ሥራ ነው። መጀመሪያ የበረረው በሜይ 1955 ነው፣ መንገደኛ መጫን የጀመረው ደግሞ በ1959። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጄት ሞተርን ከኋላ ለጥፎ ሥራ ላይ የዋለ የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላን እሱ ነው። ክንፉ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ ድምፁም ከመንገደኛው ጀርባ ሄደ። እኔ ካራቬልን የማየት ዕድል ብቻ ነው የገጠመኝ። እጄን ቅባት ያስነከረው ሌላ ነው፤ እሱን ወደ በኋላ እናገራለሁ።

መንገደኛ የጫነ የመጀመሪያው ጄት ኮሜት ይባላል። ሜይ 2 ቀን 1952 ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ ተነሣ። በ1954 ሁለት አውሮፕላኖች በየተራ አየር ላይ ተበታትነው ሥራው ቆመ። ምክንያቱ የብረት መሰልቸት ሆኖ ተገኘ፤ ብረቱ ግፊት ሲፈራረቅበት ደክሞ ተሰነጠቀ። በ1956 ሶቪየቶች ቱፖሌቭ 104ን አወጡ። በኦክቶበር 1958 ቦይንግ 707 አትላንቲክን መሻገር ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የትልልቅ ከተሞች አውሮፕላኖች ነበሩ። 707 ጭነቱን ሞልቶ ሩቅ ሊሄድ ሲነሣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንደርደሪያ ይፈልግ ነበር። ትንሹ ኤርፖርት ደግሞ የተሠራው ለዲሲ 3፣ ለባለ ሁለት ፕሮፔለሩ የድሮ አውሮፕላን፣ ነው። ዲሲ 3 ጠንከር ያለ የሣር ሜዳ ካገኘ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ችግሩ ርዝመት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ፕሮፔለር ሲሽከረከር በክንፉ ላይ ነፋስ ይነፋል፣ ክንፉም በዝግታም ቢሆን ያነሣል። ፓይለቱ ጉልበት ከፈለገ ወዲያው ያገኛል። የድሮ ጄት እንዲህ አልነበረም። ክንፉ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ ስለሆነ በብዙ ፍጥነት ካልሮጠ አያነሣም። ሞተሩም ከዝቅተኛ ዙር ተነሥቶ ሙሉ ጉልበት እስኪያወጣ ሰከንዶች ይፈጅበታል። መሬት ሊነካ ሲቃረብ እነዚያ ሰከንዶች ብዙ ናቸው። በኖቬምበር 1965 አንድ ቦይንግ 727 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ሊያርፍ ሲል ከልክ በላይ በፍጥነት ወርዶ ከመንደርደሪያው በፊት መሬት መታ። 43 ሰው አለቀ። በፕሮፔለር ያደጉ አብራሪዎች እጃቸውን እንደገና ማስለመድ ነበረባቸው።

ማቆሙም ሌላ ጣጣ ነው። ፕሮፔለር ምላሱ ሲገለበጥ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ቱፖሌቭ 104 ግን ሪቨርስ (የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት መልሶ የሚያቆም መሣሪያ) ስላልነበረው አንዳንዴ ፓራሹት ከጅራቱ እየለቀቀ ነበር የሚቆመው። ለአንድ መንገደኛ አውሮፕላን ፓራሹት መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ እንደገና ማጠፍ! ትንሽ ኤርፖርት ላይ ለዚህ የሚሆን ሰው ማን አለው?

ከዚያ ክብደት አለ። ዲሲ 3 ሙሉ ጭነቱን ይዞ 12 ቶን ገደማ ነው። የመጀመሪያው 727 ወደ 70 ቶን ይጠጋል። ስስ አስፋልት ይሄን አይችልም፤ ጎማው ይሰምጥበታል። በዚያ ላይ የጄት ነዳጅ ከላምባ ብዙም አይለይም፣ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያላላዋል። ለዚህ ነው አውሮፕላን የሚቆምበት ቦታ በኮንክሪት የሚሠራው። ፎቶሽ ላይ ከጎማው ሥር ያለው መሬት ነጣ ብሎ በመስመር የተከፋፈለ ከሆነ፣ ያ ኮንክሪት ነው። ምናልባትም ለዚያ አውሮፕላን ተብሎ የፈሰሰ።

ነዳጁን ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ለፕሮፔለር ሞተር የሚሆነው ቤንዚን ውስጥ ውሃ ከገባ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል። ላምባ ውስጥ ግን ውሃው ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ለመዝቀጥ ጊዜ ይፈልጋል። በወጣትነቴ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ከክንፉ ሥር በብርጭቆ ማሰሮ ነዳጅ መቅዳት ነበር። ማሰሮውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ አዞረዋለሁ። ጭጋግ ካለው እንጠብቃለን። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካየሁ ውሃ ነው፣ ያን አፍስሼ እንደገና እቀዳለሁ። አለቃዬ ማሰሮውን ሳያይ ወረቀቱ ላይ አይፈርምም ነበር። ዛሬም በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ሲሰጠኝ ወደ መስኮት ማንሣት አልተውኩም።

አሁን ወደ ደረጃው። ጄትን ወደ ትንሹ ኤርፖርት ያመጣው፣ ከመሬት ብዙ የማይለምን አውሮፕላን መሠራቱ ነው። 727 በፌብሩዋሪ 1964 ሥራ ሲጀምር፣ ከ1,500 ሜትር ባነሰ መንደርደሪያ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነበር። ፍላፑ፣ ማለትም ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ክፍል፣ ሦስት እርከን ሆኖ ይወጣል። ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ጎን የተቀመጠ ሰው ክንፉ የተበታተነ ይመስለዋል፤ በክፍተቱ መሬት ይታያል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ኤፒዩ የሚባል ትንሽ ረዳት ሞተር ይዞ መጣ። መብራቱን ራሱ ያበራል፣ ትልልቆቹን ሞተሮች የሚያስነሣውን የታመቀ አየርም ራሱ ይሰጣል። የማስነሻ ጋሪ የሌለው ኤርፖርት ላይ ይሄ ማለት አውሮፕላኑ አርፎ፣ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ መሄድ ቻለ ማለት ነው። ደረጃውም የዚሁ ነገር አካል ነው። ካራቬልም፣ 727ም፣ ዲሲ 9ም ደረጃቸውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። አያትሽ የቆሙበት ደረጃ አውሮፕላኑ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው።

ከዚያ በኋላ በር ተከፈተ። ቢኤሲ ዋን ኢሌቨን በኤፕሪል 1965፣ ዲሲ 9 በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ ቦይንግ 737 በፌብሩዋሪ 1968 ሥራ ጀመሩ። በሴፕቴምበር 1968 ደግሞ ያክ 40 ገባ። 30 ሰው ገደማ የሚጭን፣ ባለ ሦስት ሞተር፣ ሣር ላይ የሚያርፍ ጄት ነው። ስለ ያክ 40 ብዙ አይወራም። እኔ ግን ለትንሽ ኤርፖርት ከልብ ታስቦ የተሠራ ጄት የትኛው ነው ብትይኝ፣ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ሌሎቹ ኤርፖርቱ ትንሽ እንዲያድግላቸው ጠይቀዋል። እሱ ሜዳውን እንዳለ ተቀበለ።

ስለዚህ የአንድን ትንሽ ኤርፖርት የጄት ታሪክ ማወቅ ከፈለግሽ፣ የመጀመሪያው ጄት ያረፈበትን ቀን ብቻ አትፈልጊ። መንደርደሪያው የተራዘመበትን፣ የላምባ ታንክ የተተከለበትን ቀን ፈልጊ። የአያትሽ አልበም ላይ ከዚያ ፎቶ አንድ ሁለት ገጽ ቀደም ብሎ ቡልዶዘር ወይም የአስፋልት መዳመጫ ካለ፣ ታሪኩ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ የድሮ 737 ፎቶ ላይ ከፊተኛው ጎማ ጋር የተያያዘ ሰፊ ብረት አየሁ። ልጄ ለበረዶ የሚሆን መንሸራተቻ ነው ብሎ ተከራከረኝ። እውነት ነው?
አባትና ልጅ

መልስ፦ ልጅዎ ቢሳሳትም ግምቱ የሚናቅ አይደለም። በረዶ ያለበት አገር ነው ብዙ የሠራው። ግን መንሸራተቻ አይደለም፣ የጠጠር መከላከያ ነው።

እኔ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከ737 ቁጥር 200 ጋር ነው። ሞተሩ ክንፉ ሥር፣ ለመሬት በጣም ቅርብ ነው። ያለ መሰላል እጄን አፉ ውስጥ እከታለሁ። ለጥገና ይመቻል፣ ለጠጠር ግን መጥፎ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የሞተሩን የፊተኛ ረድፍ ምላሶች አንድ በአንድ በጣቴ ስዳብስ፣ አንዱ ጠርዝ ላይ ጥፍሬ ያዘኝ። በዓይን የማይታይ ስርጉድ ነው። የሩዝ ፍሬ አያህልም። ዝም ቢባል ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። መለኪያ አምጥተን ለካን፣ ከተፈቀደው በታች ነበር። በሞረድ ቀስ ብዬ አለሰለስኩት። ግማሽ ቀን ወሰደ፣ መንገደኛውም ተቆጣ። ከዚያ ቀን በኋላ አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ ላይ ጠጠር አይቼ ሳላነሣ አልፌ አላውቅም።

አስፋልት የሌለው መንደርደሪያ ላይ ለሚያርፉት ቦይንግ ልዩ መከላከያ አዘጋጀ፣ በ1969 ተፈቀደ። ያዩት ሰፊ ብረት የፊት ጎማው የሚረጨውን ጠጠር ወደ ሆዱና ወደ ሞተሩ እንዳይሄድ ያግደዋል። ሆዱም ጠንካራ ቀለም ይቀባል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከሞተሩ አፍ ሥር ወደ ፊት የወጣው ቀጭን ቱቦ ነው። ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከመሬት ጋር ትንሽ አዙሪት ይፈጥራል። ዝናብ በጣለ ማግስት ኩሬ ላይ ያዩታል፣ ውሃው እንደ ክር ተፈትሎ ወደ ሞተሩ ይነሣል። ደረቅ ቀን ላይ በዚያ ክር የሚወጣው ጠጠር ነው። ቱቦው አየር እየነፋ አዙሪቱን ሳይፈተል ይበትነዋል።

ፎቶውን ከልጅዎ ጋር እንደገና ይዩት። ሰፊው ብረት ካለ፣ ቱቦውም ከሞተሩ ሥር መታየት አለበት።